የሚዛን ጸሐፊው መልቀቂያ

በየወሩ መጨረሻ በምፈርምበት መዝገብ ላይ ከስሜ ጎን «የሚዛን ጸሐፊ» የሚል ተጽፎ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ጎን ፈርሜያለሁ። ሚዛን ላይ ግን አንድ ኩንታል ስንዴ እንኳ አውጥቼ አላውቅም። የእኔ ሥራ ቅርጫት ኳስ መጫወት ነበር። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔም መጀመሪያ ላይ አብሬያቸው እስቅና ወዲያው ንድድ ይለኛል፤ ያኔ አንዳችም የሚያስቅ ነገር አልነበረውምና።

ኳስ በመጫወት ብቻ እንጀራ የሚበላበት ዘመን አልነበረም። ቡድን ያለው ጦሩ ነው፣ ፖሊሱ ነው፣ ወይም አንድ ፋብሪካ ነው። አንተ ኳስ ትጫወታለህ፤ በወረቀት ላይ ግን ዘበኛ ነህ፣ ወይም ሹፌር ነህ፣ ወይም እንደ እኔ ጸሐፊ። የተጫዋች ደመወዝ የሚባል ነገር ስለማይታወቅ «የሚገባኝ ስንት ነው?» ብለህ የምታንኳኳው በር የለም። ልጠይቅ ብትል እንኳ የምትጠይቀው የዘበኛውን ደመወዝ ነው።

የእኛ ቡድን አሰላ ዳር ላይ የነበረ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ነበር። ባለቤቱ አያታቸው ከሸዋ መጥተው እዚያው መሬት የያዙ ሰው ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። «ጌታዬ» ያላቸውን ሰው ይቆጡ ነበር። «እኔ የማንም ጌታ አይደለሁም፤ ጋሼ በሉኝ» ይሉናል። ደግ ሰው ይመስሉኝ ነበር፤ ደግሞም ደግ ነበሩ። ግን ከጌታው ጋር ሰው ስለ ደመወዝ ይነጋገራል፤ ከጋሼው ጋር ማን ይነጋገራል? ይህ እስኪገባኝ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

እኔን ያገኙኝ በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የትምህርት ቤታችን ቡድን ከበቆጂ ተማሪዎች ጋር ሲጫወት ነው። በየደረስኩበት የበር ጉበን ግንባሬን የሚመታኝ ረጅም ልጅ ነበርኩ፤ ኳሱን ያስተማረን አንድ ፈረንጅ መምህር ነው። ጋሼ በማግስቱ እኛ ቤት መጡ። እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ገበያ ላይ ድንችና ሽንኩርት እየቸረቸረች ነበር የምታሳድገኝ። ደጃፋችን ላይ ቆመው «ልጅሽን ለእኔ ስጪኝ» አሏት። እናቴ ከደስታዋ ብዛት መሬት ሳመች። ዘጠነኛ ክፍልን አቋረጥኩና በወር በስልሳ ብር የሚዛን ጸሐፊ ሆንኩ።

የቅጥር ውል አልነበረም። የነበረው አንዲት ትንሽ የተጫዋች ካርድ ናት፤ ከጀርባዋ ላይ «ያለ ድርጅቱ መልቀቂያ ለሌላ ቡድን መጫወት አይቻልም» ይላል። አንብቤዋለሁ፤ አላነበብኩም ብዬ አልዋሽም። አንብቤ ሳበቃ «ደግሞ ከዚህ ማን ይሄዳል?» አልኩ፤ ፈረምኩ።

ሜዳችን የፋብሪካው ግቢ ውስጥ ነበር። ጋሼ በሲሚንቶ አሠርተው ሁለት ቅርጫት አቆሙበት። ነገር ግን እህል ለማስጫ የሚመች ሌላ ሲሚንቶ ግቢው ውስጥ ስለሌለ፣ ቀን ቀን ገብስና ስንዴ ይሰጣበታል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እህሉን ወደ ዳር እንገፋለን፣ እንጠርጋለን፣ ከዚያ ልምምድ እንጀምራለን። ምንም ያህል ብንጠርግ ፍሬ አይጠፋም። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ጉም ሲጨመርበት ደግሞ በአንዲት የገብስ ፍሬ ተንሸራተህ መቀመጫህ ላይ ታርፋለህ። እንግዳ ቡድን ሁሉ እኛ ሜዳ ላይ ይሸነፋል፤ እኛ መውደቁን ለምደነው ነበር።

ሚዛኑን የሚሠሩት ሌላ ሰው ናቸው። ኦቦ እንላቸው ነበር። ከሲሬ በኩል የመጡ የአርሲ ሰው ናቸው፤ ስልሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ቁጥር እንጂ ፊደል አያውቁም፤ ግን አንድ ጆንያ ገና ከተሸካሚው ትከሻ ሳይወርድ ክብደቱን ይነግሩሃል፣ ሚዛኑም አያሳፍራቸውም። የሚከፈላቸው በቀን ነው፣ አንድ ብር። ዝናብ መንገዱን ዘግቶ መኪና ካልመጣ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ብር የለም። እኔ የያዝኩትን የጸሐፊነት የሥራ መደብ ለእሳቸው ሊሰጧቸው ለብዙ ጊዜ ቃል ተገብቶላቸው እንደነበር የሰማሁት ከገባሁ ከዓመት በኋላ ነው። እሳቸው አንድም ቀን ፊታቸውን አጥቁረውብኝ አያውቁም። እኔ ግን ከሰማሁ በኋላ ደመወዝ በምቀበልበት ቀን በሚዛኑ በኩል ማለፍ ተውኩ፤ በጀነሬተሩ ቤት ዞሬ ነበር የምወጣው።

በስልሳ አራት ግንቦት ላይ ናዝሬት ለውድድር ወረድን። ዴራ ላይ ስንደርስ እንደ ልማዳችን ካፖርታችንን አወለቅን፤ አሰላ ላይ ስንንቀጠቀጥ ቆይተን እዚያ ስንደርስ ላብ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ጠራኝ። ከአዲስ አበባ ነው የመጣው፤ የአንድ የማመላለሻ ድርጅት ቡድን ኃላፊ ነው። ብዙ አላወራም። «መቶ ሠላሳ ብር። ሐኪም በድርጅቱ። ማታ ማታ ትምህርትህን ትቀጥላለህ፤ የምትማርበትን እኛ እንከፍላለን። እስከ መስከረም መልቀቂያህን ይዘህ ና» አለኝ።

ብሩ አላስደነገጠኝም ብል ውሸት ነው። ግን ሌሊቱን በዓይኔ ላይ የዞረው ትምህርቱ ነው። የቡድናችን አምበል ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ጉልበቱ አብጦ ከጨዋታ በኋላ ደረጃ የሚወጣው ግድግዳ ይዞ ነው። እሱስ በእውነት መካኒክ ስለሆነ ኳሱ ሲያልቅ ወፍጮውን ይጠግናል። እኔ ኳሱ ሲያልቅ ምን ነኝ? ሚዛን የማያውቅ የሚዛን ጸሐፊ። ያቺ መልቀቂያ ለእኔ ሌላ ከተማ መሄጃ ብቻ አልነበረችም፤ ጉልበቴ ሳያብጥ ሰው መሆኛዬ ነበረች።

አሰላ እንደተመለስን ጋሼ ቢሮ ገባሁ። የምናገረውን በቃሌ አጥንቼ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ አላቋረጡኝም፣ አልተቆጡም።

«ምን ጎደለብህ ልጄ?» አሉኝ።

«ኧረ ምንም አልጎደለብኝም ጋሼ፤ ትምህርቴን...»

«በርዶሃል እንዴ? ትንቀጠቀጣለህ» አሉና ተነሥተው የለበሱትን የሱፍ ካፖርት አወለቁ። ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ካፖርቱ በእሳቸው ሙቀት ይሞቃል። ጀርባዬን መታ መታ አድርገው እስከ በር ሸኙኝ። ውጭ ስደርስ ካፖርት አለኝ፤ መልቀቂያ የለኝም። እጅጌው ክንዴ አጋማሽ ላይ ቀርቶ ነበር። ጓደኞቼ አዩኝና «መልቀቂያህ አጠረች» እያሉ ሳምንት ሙሉ ሳቁብኝ።

አምበሉ ግን አልሳቀም። እሱ ከዴራ የመጣ፣ ነገር ቶሎ የሚገባው፣ ቶሎ የማይናገር ሰው ነው። «ለምን እንደማይለቁህ ታውቃለህ?» አለኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ስንጫወት እሳቸው ከማን ጎን ነው የሚቀመጡት? ከሹማምንቱ ጎን ነው። ለትምህርት ቤቱ፣ ለሆስፒታሉ፣ ለወህኒ ቤቱ ዱቄት የሚያቀርበው ማን እንደሚሆን የሚነገረው እዚያ ወንበር ላይ ነው። እኛ ካልተጫወትን ያ ወንበር የለም። ስልሳ ብር የሚከፍሉህ ለኳስ አይደለም፤ ለወንበሩ ነው። ወንበሩ ስንት ያወጣል ብለህ አስብ።» እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እየጦሩኝ ነበር የሚመስለኝ።

ስምንታችንም ጀነሬተር ቤት ተሰበሰብን፤ ጩኸቱ ስለሚሸፍነን። አምበሉ በመካኒክ እርሳስ ሦስት ነገር ጻፈ፦ የምንጫወት መሆናችን በጽሑፍ እንዲታወቅና ደመወዛችን በዚያ እንዲተመን፤ ጉልበቱ የተጎዳ ተጫዋች በመደቡ ሌላ ሥራ እንዲያገኝ፤ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሰው መልቀቂያ ከጠየቀ እንዲሰጠው። ሦስተኛዋ የእኔ ናት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከናዝሬት ቡድን ጋር የዋንጫ ጨዋታ ነበረን፤ እዚያው አሰላ፣ እዚያው ወንበር ፊት። «ወረቀቱን እንሰጣቸዋለን» አለ አምበሉ፤ «እንቢ ካሉ ሜዳ አንገባም።»

ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም። «እንዲህማ አይሆንም» ብዬ ተነሣሁ። «እናቶቻችን ደጅ መጥተው የወሰዱንን ሰው በወረቀት? ሽማግሌ እንላክ።»

«ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻና ለጸብ ነው» አለ አምበሉ።

«ለሁሉም ይላካል» አልኩ። ድምፄን ከጀነሬተሩ በላይ አሰማሁ፤ ከያኔም ጀምሮ ቁጡ ነኝ። ስድስቱ ከእኔ ጋር ሆኑ። ሁላችንም የሽማግሌ ልጆች ነን፤ ሌላ መንገድ አናውቅም። የገጠሩ ሰው ጃርሱማ ይለዋል፣ እኛ ሽምግልና እንለዋለን፤ አርሲ ውስጥ ሰው ቢገደል እንኳ የሚያልቀው በዚያ ነው።

ለጓደኞቼ ያልነገርኳቸው አንድ ተንኮል በሆዴ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኦቦ ይሆናሉ ብዬ ወስኛለሁ። እኔ ከሄድኩ መደቡ የእሳቸው ነው፤ ስለዚህ ስለ እኔ መሄድ ከእኔ የባሰ ይከራከራሉ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ፈቃድ ሚዛኑ ዘንድ ሄድኩና ነገርኳቸው። ጆንያውን አስወርደው፣ ቁጥሩን ለተሸካሚው ተናግረው ሲያበቁ ዞር አሉ።

«እኔን? ሌላ ሰው አጣህ?»

«ነገሩን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም ኦቦ።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አስበህበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

«ቶሌ» አሉ፤ እሺ። ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ደስ ብሎኝ እየዘለልኩ ነው የሄድኩት።

ሽምግልናው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሜዳችን ላይ ተደረገ። ገብሱን ወደ ዳር ገፍተን አራት ወንበር አወጣን። ሽማግሌዎቹ አንድ መሪጌታ፣ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ፣ ሦስተኛው ኦቦ ናቸው። አራተኛው ወንበር ላይ ጋሼ ተቀመጡ። እኛ ስምንታችን ተርታውን ቆምን። ኦቦ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ነበር።

አምበሉ ወረቀቱን አውጥቶ «አንደኛ...» ሲል መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «አስቀምጠው ልጄ። እዚህ ፍርድ ቤት አይደለም። እኔ ልጠይቅ። ጋሼ ሰድበዋችኋል?»

«የለም።»

«መትተዋችኋል? ደመወዝ ከልክለዋችኋል?»

«የለም።»

«ታዲያ ጸባችሁ ምንድን ነው?»

ጸብ አልነበረንም። አምበሉ «ጸብ ሳይሆን ጥያቄ ነው» አለ፤ ሐጂ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ጥያቄ በሽማግሌ ፊት ምን ይደረጋል? ከዚያ ጋሼ እንዲናገሩ ተጋበዙ። የአንዳችንን አባት አዲስ አበባ ድረስ ወስደው እንዳሳከሙ፣ የሌላውን እህት እንደዳሩ፣ እናቴን ደጅዋ ድረስ ሄደው እንደለመኑ ተናገሩ። አንድም ውሸት አልነበረበትም። «አሁን የዋንጫውን ቀን ሜዳ አንገባም ሊሉኝ ነው አሉ። ሰምቻለሁ» አሉና እንባቸው መጣ። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። የምር አለቀሱ፤ ትልቅ ሰው ፊታችን ሲያለቅስ ማየት አቃተን። ከእኛ መካከልም አንዱ አብሮ አለቀሰ።

ሐጂ ወደ እኛ ዞሩ። «ያበላችሁን ሰው አስለቀሳችሁ። አታፍሩም?» አሉ። እኔ ኦቦን እያየሁ ነበር። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ እላለሁ። መሪጌታ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብለው ጠየቋቸው። ኦቦ በትራቸውን አዩ። «እኔ የምጨምረው የለኝም» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በልማዱ መሠረት ነው። ጥፋተኛ ተገኝቷል፤ ጥፋተኛ ደግሞ ድንጋይ ይሸከማል። ከወፍጮው አጥር ሥር እያንዳንዳችን አንድ አንድ ድንጋይ አንሥተን አንገታችን ላይ አድርገን ጋሼ ፊት ጎንበስ አልን። ደመወዝ ልንጠይቅ ገብተን ይቅርታ ጠያቂዎች ሆንን። የአሰላ ረጃጅም ስምንት ሰዎች ጎንበስ ብለው ሲታዩ ተሸካሚዎቹ በአጥሩ ቀዳዳ እያዩ ይስቁ ነበር። አንገቴ ሥር የገብስ ገለባ ገብቶ ይበላኛል፤ ማከክ አይቻልም። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የረዘመብኝ ነገር የለም። ጋሼ «አውርዱ፣ ይቅር ብያለሁ» አሉ። አወረድን፤ ጉልበታቸውን ሳምን። እሳቸውም አቅፈው ሳሙን፤ በደመወዛችን ላይ አሥር አሥር ብር ጨመሩ፣ አዲስ ጫማ እገዛለሁ አሉ። የተጨመረልን ስለተገባን ሳይሆን ስለወደዱን ነው።

መሪጌታ ለምርቃት ተነሡ። «ፍቅራችሁን ያጽናላችሁ።» «አሜን» አልን። «ጋሼን ለእናንተ፣ እናንተን ለጋሼ ያቆይላችሁ።» «አሜን።» «እሳቸው እያሉ ከዚህ ቤት የሚያወጣችሁ ነገር አይምጣ።» «አሜን።» ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ምርቃት ሲወርድ አሜን አለማለት የሚችል ሰው እኛ አገር አልተወለደም። ሐጂም ዱዓ አደረጉ፤ አሚን ተባለ። በሦስት ሽማግሌ ፊት፣ በራሴ አፍ፣ መልቀቂያ እንዳልጠይቅ ራሴን አሰርኩ። ይህን ያፈረስኩ ቀን እናቴ ለማኅበርም ለልቅሶም የማንን ደጅ ትረግጣለች?

በግ ታርዶ ነበር። አምበሉ አልበላም። እጁን ሳይታጠብ ቆሞ «ሽማግሌ የሚያስታርቀው የተጣላ ሰው ነው» አለኝ። «እኛ የተጣላን ሰዎች አልነበርንም። የምንሸጠው ነገር ነበረን።» ከዚያ በኋላ ለወራት ከኳስ ጉዳይ በቀር አላናገረኝም፤ ልክ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ ዘንድ ሄድኩ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠሁም። «ለምን ዝም አሉ? አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ! ብለቀቅ የሚጠቀሙት እርስዎ አልነበሩም?» እያልኩ ጮህኩ። ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን እንደያዙ ቆሙ። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«አንተ ብትሄድ ያ መደብ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ!»

«ይህን ጋሼም ያውቃሉ፣ መሪጌታም ያውቃሉ፣ ሐጂም ያውቃሉ። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ልጁን ልቀቁት ብል ሽማግሌ ነኝ ወይስ ገበያተኛ? ጃርሳ በገዛ ጥቅሙ ላይ አፍ የለውም። አስበህበታል ወይ ብዬ የጠየቅሁህ ለዚህ ነበር።» ቀጥለውም «ሽማግሌ ባታደርገኝ ኖሮ፣ እንደ አንድ ተራ ሠራተኛ ቢሮ ገብቼ፣ ስለ አንተም ስለ ራሴም እለምናቸው ነበር። ይህን አስቤ ነበር። አንተ ቀድመህ አፌን ዘጋኸው» አሉኝ።

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። የተረፈኝ እፍረት ነው። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግራ ገባኝና «እንግዲያው ሚዛኑን ያስተምሩኝ» አልኳቸው። «ቢያንስ የምፈርምበትን ሥራ ልሥራ።» እሳቸውም አፍታ ሳያስቡ «ታዲያ እኔ ምን ልሠራ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ምን ያህል እንደታሰርኩ የገባኝ። መሄድ አልችልም፤ ከሄድኩ እናቴን አዋርዳለሁ። ሥራውን መሥራት አልችልም፤ ከሠራሁ የሰውዬውን አንዲት ብር እበላለሁ። የምችለው መፈረምና መጫወት ብቻ ነው። ጆንያ ያስቀመጠው ተሸካሚ «ዞር በል እስቲ፣ መንገድ ዘጋህ» አለኝ፤ ዞር አልኩ።

ዋንጫውን በላን። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ቆመው አጨበጨቡ። መስከረም መጣና አለፈ፤ ባለመነጽሩ ሰው ከናዝሬቱ ቡድን ሌላ ረጅም ልጅ ወሰደ። ይህን የሰማሁት አውቶቡስ ተራ ነው፤ ሰምቼ ወደ ልምምድ ሄድኩ። ዓመት ሲያልፍ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት መንቋቋት ጀመረ። ኦቦ ሁልጊዜ በፈገግታ «ዋንጫውስ?» ይሉኛል፤ እኔ ሁልጊዜ መሬት አያለሁ።

በስልሳ ስድስት የካቲት ላይ አገሩ ሁሉ አድማ ሆነ። የእኛም ፋብሪካ ሠራተኞች ቆሙ፤ ከፊት የቆመው አምበላችን ነው። ሽማግሌ አልላከም። የጠየቁት የደመወዝ ጭማሪ ነው፤ ከዝርዝሩ ሥር ደግሞ «ለኳስ የሚወጣው ገንዘብ ይቁም» የሚል ነበር። አምበሉ ይህቺን ራሱ እንደጻፋት ሲነግረኝ አልተቀየምኩትም። ጋሼ ከተጠየቁት ሁሉ ቶሎ እሺ ያሉት እሱን ነው፤ እነዚያ ሹማምንት ራሳቸው መቀመጫ በሚያጡበት ሰሞን ወንበሩ ለማን ይሆናል? አንድ ጠዋት ስምንታችንን አስጠሩንና ለእያንዳንዳችን በታይፕ የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጡን። ዓይናችንን አላዩም። ስመኛት የኖርኩት ወረቀት፣ ሳልጠይቃት፣ ማንም በማይፈልገኝ ጊዜ እጄ ገባች።

አነበብኳት። መጀመሪያ ታማኝ አገልግሎቴን ታመሰግናለች። ቀጥሎ ወደ ፈለግሁት ቡድን መሄድ እንደምችል ትናገራለች። የመጨረሻው መስመር «ይዘውት የነበረው የሚዛን ጸሐፊነት የሥራ መደብ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል» ይላል።

በጀነሬተሩ ቤት ዞሬ ልወጣ ነበር። ግን ኦቦ ሚዛኑ አጠገብ ሆነው አዩኝ፤ ወረቀቱን አዩ፤ ጠሩኝ። አድማው ገና ማለቁ ስለነበር ጆንያ አልነበረም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሚዛኑን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር።

«መጣች?» አሉኝ።

«መጣች።»

«አንብብልኝ እስቲ።»

ቆሜ አነበብኩላቸው። ምስጋናውን አነበብኩ። ወደ ፈለግሁበት መሄድ እንደምችል የሚለውን አነበብኩ፤ ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ጨርቁን አስቀመጡ። እኔ ሳልመጣ ጀምሮ ስምንት ዓመት የጠበቁት ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል ለራሳቸው ያልተናገሩ ሰው አሁን ማንንም ሳይለምኑ፣ ማንንም ሳያሳፍሩ በተራቸው ሊደርሳቸው እንደሆነ ያምናሉ። አፌን ከፈትኩ። መስመሩ ዓይኔ ሥር ነበር፤ አጭር ነው፤ ትንፋሽ እንኳ አይፈጅም።

«ይኸው ነው» አልኳቸው፤ ወረቀቱን አጠፍኩት።

የእሳቸው ዝምታ ለራሳቸው እንዳያደሉ ነበር። የእኔ ግን ፊታቸውን ላለማየት ነው፤ ለራሴ ነው። ይህን ልዩነት ያኔም አውቀዋለሁ። ኦቦ ከወገባቸው ቀና ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ሂድ ኢልማ ኮ። መንገድህ ይቅናህ፤ እግርህን እንቅፋት አይንካው፤ የሄድክበት ቦታ የሰው አፍ አይዘጋብህ።»

አሜን አልኩ።